ከሹም አጠገብ ለማን ቆመሃል?

አልሐምዱሊላህ። ሚዛንን ላስቀመጠው፣ ዙልምን በራሱ ላይ እርም አድርጎ በእኛም መካከል እርም ላደረገው ጌታ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ተቅዋ በሰፍ መካከል ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ስንቆም ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ደመወዝ በሚከፈልበት ጠረጴዛ ይፈተናል። ውል በሚፈረምበት ክፍል ይፈተናል። ሹም ፊት በሚቆምበት ሰዓት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይፈተናል።

ዛሬ ስለ ጥቂት አሮጌ ፎቶግራፎች ልነግራችሁ ነው። በጁሙዓ ሚንበር ላይ ስለ ፎቶ ማውራት አልተለመደም፤ ዑለማዎች ስለ ሥዕል የተወዛገቡበትንም ዛሬ አልከፍትም። የማነሣው በፎቶዎቹ ውስጥ ያለውን ሰው ነው።

ሰውየው ቱኒዚያዊ ነው፤ ስሙ ፈርሐት ሐሻድ። የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። በ1951 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ) ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የአሜሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ጉባኤ ላይ ከሐቢብ ቡርጊባ ጋር ተገኝቶ ነበር፤ በኋላ የነጻይቱ ቱኒዚያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከቡርጊባ ጋር። ከዚያ ዘመን የቀሩት ምስሎቹ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሪዙን በሥርዓት ያሳጠረ፣ ከፖለቲካ ሰዎች መካከል የቆመ ወጣት ያሳያሉ። ማንነቱን ለማያውቅ ተመልካች እሱም ከእነሱ አንዱ ነው። ለመሆኑ ግን ከየት መጣ?

ከቀርቀና መጣ። ቀርቀና ከስፋክስ ከተማ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ያሉ የዓሣ አጥማጆች ደሴቶች ናቸው። በ1914 እዚያ ተወለደ፤ አባቱም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሱሳ ከተማ በአንድ የትራንስፖርት ኩባንያ ተቀጠረ፤ በ1936 የሥራ ባልደረቦቹን አሰባስቦ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1939 በዚሁ ሥራው ከእንጀራው ተባረረ። አገሩ ያኔ በፈረንሣይ እጅ ነበረች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ፈረንሣዊው ከደመወዙ በላይ ሲሶ ይጨመርለታል፤ ቱኒዚያዊው አይጨመርለትም። በሱረቱል ሙጦፍፊፊን አላህ ያስጠነቀቃቸው ሰዎች እኮ ለራሳቸው ሲሰፈር ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። ይህ ስፍር እህል ላይ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ካለ የደመወዝ መዝገብ ይግለጥ።

ሐሻድ በፈረንሣዮቹ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ነበር። እዚያም ቤት የአገሬው ሰው ሐቅ ሁለተኛ መሆኑን ሲያይ በ1944 ወጣ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1946 ቱኒስ ውስጥ ኸልዱኒያ በተባለው የትምህርት ማኅበር አዳራሽ የቱኒዚያ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ሐሻድ ዋና ጸሐፊ ሆነ። ፕሬዚዳንቱስ ማን ነበር? የዘይቱና መድረሳ መምህር የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ አል-ፋዲል ቢን ዓሹር! አባታቸው ጣሂር ቢን ዓሹር እስከ ዛሬ ዑለማዎች የሚያነቡት ትልቅ ተፍሲር ባለቤት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የሠራተኛ ማኅበር የኮሚኒስት ነገር ነው፤ ዲን ውስጥ ምን ያገባዋል?» የሚል ወንድም ሁልጊዜ አለ። ወንድሜ፣ በዘይቱና ምንጣፍ ላይ ኪታብ የሚያስቀሩ ሸይኽ ተነሥተው ከወደብ ጫኞችና ከባቡር ሠራተኞች ማኅበር ፊት ቆመዋል። ዒልማቸው አልቀነሰባቸውም። በኋላም የአገሪቱ ሙፍቲ ሆነዋል።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንመለስ። ሰው ከሹም አጠገብ ቆሞ ስናየው ሁለት ፍርድ ይፈጥነናል። አንዱ «ተገዛ» ይላል። ሌላው «ከበረ» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች ካሜራው ያላየውን ነገር አይተናል የሚሉ ናቸው። ኒያ በፊልም ላይ አይታተምም።

ቁርአን ግን መለያ ሰጥቶናል። ሙሳን (ዐ.ሰ) ተመልከቱ። ሙሳ ነብይነት ሳይመጣለት በፊት ምን እንደነበረ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ተቀጣሪ ነበር። በመድየን ለአንድ ሽማግሌ ስምንት ዓመት ሊያገለግል ተዋዋለ፤ አሥር ቢሞላ ከራሱ በጎ ፈቃድ ነው፤ አሠሪውም ሊያስቸግረው እንደማይፈልግ ገልጾለት ነበር። ይህ በሱረቱል ቀሶስ የሰፈረ የሥራ ውል ነው፤ ጊዜው ታውቋል፣ ዋጋው ታውቋል፣ ጫናው ተገድቧል። ውሉን የፈጸመው ያ ተቀጣሪ ነው እንግዲህ በዘመኑ ከነበሩት ገዢዎች ሁሉ ትዕቢተኛ ወደሆነው ፊርዐውን የተላከው። በለስላሳ ቃል እንዲናገርም ታዘዘ። ጥያቄው ግን ለስላሳ አልነበረም፤ የእስራኤል ልጆችን ልቀቅ፣ አታሰቃያቸው የሚል ነበር።

ፊርዐውን ምን መለሰ? ውለታ ቆጠረ። ልጅ ሆነህ እኛ ዘንድ አላደግህምን አለው። ሹማምንት ይህን መልስ ይወዱታል፤ «አንተን እኮ ጠቅመንሃል» ይላሉ። ሙሳም ወገኖቼን ባሪያ አድርገህ ይዘህ ሳለ ይህን እንደ ውለታ ትቆጥርብኛለህን ሲል መለሰለት። ለእሱ ለብቻው የተደረገለት ነገር የሕዝቡን በደል እንዲያስረሳው አልፈቀደም።

በዚያው ንጉሥ ፊት ሌሎች ሰዎችም ቆመው ነበር፤ ድግምተኞቹ። እነሱ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ካሸነፍን ዋጋ አለን ወይ ብለው ነው። ፊርዐውን አዎን አለ፤ አልፎም ከባለሟሎቼ ትሆናላችሁ ብሎ ጨመረላቸው። ክፍያው ሁለት ነበር፤ ገንዘብና ቅርበት። ወደ ሹም የቀረበ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡንም አይጠይቅም፤ ቅርበቱ ይበቃዋል። ከሹሙ ጋር የተነሣውን ፎቶ ቢሮው ውስጥ ይሰቅላል፤ ወር ሙሉ ሠርተው ያልተከፈላቸው ሰዎች ያን ፎቶ እያዩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ያን ቀን ፎቶ አንሺ ቢኖር ኖሮ ሙሳንም ድግምተኞቹንም በአንድ ምስል፣ ከአንድ ንጉሥ ፊት ያሳየን ነበር። ልዩነታቸው ማን ልኳቸው እንደመጡና ምን ሊጠይቁ እንደመጡ ነው። ደግሞም ተስፋ አትቁረጡ፤ ለዋጋና ለቅርበት የመጡት እነዚያው ድግምተኞች ሐቁ ሲገለጥላቸው ሱጁድ ወደቁ፤ እጅና እግራችሁን አፈራርቄ እቆርጣለሁ ቢላቸው ያሻህን ፍረድ አሉት። ሰው በተሳሳተ በር ገብቶም በትክክለኛው ሊወጣ ይችላል።

የነብያችንንም (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ እዩ። ከየመን ከዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ መካ ላይ ዕቃውን ለዓስ ቢን ዋኢል ሸጠ። ዓስ ትልቅ ሰው ነው፤ ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከለከለው። ነጋዴው በዚያ አገር ወገን የለውም። ከጎሳ ጎሳ ዞሮ አቤት ቢል ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ አቡ ቁበይስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮኾ ተናገረ። በዚህን ጊዜ የነብዩ አጎት ዙበይር ቢን ዐብዱል ሙጦሊብ ተነሡ፤ የተወሰኑ ጎሳዎች በዐብዱላህ ቢን ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ፤ የተበደለ ሁሉ፣ የመካ ሰውም ሆነ እንግዳ፣ ሐቁ እስኪመለስለት ከእሱ ጋር አንድ እጅ ሊሆኑ ተማማሉ። ከዚያም ወደ ዓስ ሄደው የሰውየውን ገንዘብ አስመለሱ። ይህ ሒልፉል ፉዱል ነው። ነብያችን ገና ወሕይ ሳይወርድላቸው፣ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ሳሉ በስብሰባው ነበሩ። ከነብይነት በኋላም በቀይ ግመሎች እንደማይለውጡትና በእስልምናም ዘመን ለእንዲህ ያለ ነገር ቢጠሩ እንደሚመጡ ተናግረዋል።

የተሰበሰቡበት ቤት የማን ነው? የባለጠጋ፣ የጃሂሊያ ሹም ቤት ነው። ስለ ቤቱ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጠይቀዋቸው ነበር፤ ኢብን ጁድዓን ዝምድና ይቀጥል፣ ድኻ ያበላ ነበርና ይጠቅመዋል ወይ ብለው። መልሱ አይጠቅመውም የሚል ነው፤ አንድም ቀን ጌታዬ ሆይ በፍርዱ ቀን ኃጢአቴን ማርልኝ አላለምና። ሐዲሱ ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው። ልብ በሉ! ቃል ኪዳኑ ተመሰገነ፤ የቤቱ ባለቤት ግን በዚያ ምክንያት አልነጻም። ከመልካም ሰው ጋር መታየት ሹሙን አያጸዳውም፤ የሹም ቤት መግባትም መልካሙን ሰው አያረክሰውም፤ የሚጠየቀው በደጅ የቆመውን ሰው ጉዳይ ይዞ ገብቶ እንደሆነ ነው።

ሐሻድ ይዞ ገብቷል እላለሁ። ለዚህ ምስክሬ የ1947 ኦገስት ነው። ስፋክስ ላይ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ሳለ ወታደር ተኮሰ፤ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢገባ ማን ይወቅሰው ነበር? አልገባም። ጃንዋሪ 1952 ቡርጊባና የፓርቲው መሪዎች ሲታሰሩ የአገሩ ትግል ጫና በዚህ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ያኔ ከጎኑ የሚቆሙ ፖለቲከኞች ጥቂት ነበሩ፤ ብዙዎቹ እስር ቤት ወይም ስደት ላይ ነበሩ።

ዲሴምበር 5 ቀን 1952። ዕለቱ እንደዛሬው ጁሙዓ ነበር። ጠዋት ከራደስ ወደ ቱኒስ በመኪናው ሲሄድ ደፈጣ የያዙ ሰዎች ተኮሱበት። የመጀመሪያው ጥይት አልገደለውም፤ ቆስሎ ከመኪናው ወጣ፤ ከዚያም ጨረሱት። «ቀይ እጅ» የሚባለው፣ ከፈረንሣይ የስለላ መሥሪያ ቤት ጋር ስሙ የሚነሣው ስውር ቡድን ነው ገዳዩ ተብሎ የሚታወቀው። 38 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና አራት ልጆች ትቷል። ወሬው ካዛብላንካ ሲደርስ የሞሮኮ ሠራተኞች ለቱኒዚያዊው ወንድማቸው ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ እዚያም ብዙ ሰው ተገደለ። ፎቶ ሊነሡ የወጡ አልነበሩም። አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው።

ይህን ብያለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

*

አልሐምዱሊላህ፤ ሰላትና ሰላም በአላህ መልእክተኛ ላይ ይሁን።

ወንድሞችና እህቶች! ሰውየው በሕይወት ሳለ አጠገቡ ለመቆም ያመነታ ሁሉ ከሞተ በኋላ ሊጠጋው ፈለገ። አስከሬኑ መጀመሪያ ከተቀበረበት ከቀርቀና ወደ ቱኒስ ካስባ፣ የመንግሥት ቢሮዎች ወዳሉበት ሰፈር ተዛውሮ መካነ መቃብር ተሠራለት። የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድም በ2013 እዚያ ተገኝተዋል። ከ2017 ጀምሮ ምስሉ በሃያ ዲናሩ የገንዘብ ኖት ላይ አለ፤ የቱኒዚያ ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል የሐሻድን ፊት ይቀበላል። አሠሪው ሲያስቀርበትም የሚያስቀርበት ያንኑ ፊት ነው።

ሙት ደግሞ አይናገርም፤ ለዚህ ነው ሹማምንት ከሙት ጋር ፎቶ መነሣት የሚወዱት። ሕያው ሲናገር ምን ሆነ? ሐቢብ ዓሹር የሚባል ሌላ የቀርቀና ልጅ ነበር፤ የሐሻድ ጓድ፣ በ1947ቱ የስፋክስ ተኩስ የቆሰለ። ከነጻነት በኋላ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በገዢው ፓርቲም ከፍተኛ ቦታ ነበረው፤ ከቡርጊባ ጎን የታየባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። በ1977 ማኅበሩና መንግሥት ስለ ደመወዝ ማኅበራዊ ስምምነት ፈረሙ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1978 ማኅበሩ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ያው መንግሥት ጦር አወጣ፤ ብዙ ሰው በጥይት ወደቀ፤ ቱኒዚያውያን ዕለቱን ጥቁር ሐሙስ ይሉታል። ዓሹር አሥር ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ቅርበት እንዲህ ነው፤ ሰጪው ባሻው ቀን ይወስደዋል። ቡርጊባ ራሱ በ1960 ሠራተኛው ለምርት ሲል የረመዳንን ጾም እንዲተው ጠይቋል። በአንድ ዘመን ከሠራተኛው መሪ ጎን የቆመ ሰው ነው፤ ውሎ አድሮ በሠራተኛውና በጌታው መካከል ልግባ አለ።

ፎቶው ውስጥ የሌለውንም ሰው ላንሣ። ከሐሻድ በፊት፣ በ1924፣ ለቱኒዚያውያን የመጀመሪያውን የሠራተኛ ማኅበር የመሠረተው ሙሐመድ ዐሊ አል-ሐሚ ነው። የጊዜው ትልቁ የአገሬው ፓርቲ ጉዳዩ ሲከብድ እጁን ታጠበ፤ የቅኝ ገዢው ፍርድ ቤትም ከአገር አባረረው። ወደ ሒጃዝ ሄደ፤ ሾፌር ሆኖ ሠራ፤ በ1928 በጅዳና በመካ መካከል በመኪና አደጋ ሞተ። ከሹም ጋር የቆመበት የክብር ምስል አላውቅለትም፤ የሞተው ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሆኖ በሐጃጆች መንገድ ላይ ነው። ለእኔ ከሁሉም ምስሎች ይልቅ ይህ የሌለው ምስል ይከብዳል።

በጎውንም ልናገር፣ ሐቅ ነውና። በ2013 ቱኒዚያ ሁለት ፖለቲከኞቿ ተገድለው ልትፈርስ ስትደርስ፣ የሐሻድ ማኅበር ከአሠሪዎች ማኅበር፣ ከሰብአዊ መብት ሊግና ከጠበቆች ማኅበር ጋር ሆኖ ተፋላሚዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በ2015 አራቱ በጋራ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዋና ጸሐፊው ሑሰይን አል-ዐባሲ ኦስሎ ላይ ከአሠሪዎቹ መሪ ጋር በአንድ መድረክ የቆመበት ፎቶ አለ። በዚያ ምስል አላፍርም። ሠራተኛና አሠሪ ደም እንዳይፈስ ብለው አብረው ቢታዩ ሱልሕ ነው፤ ሱልሕ ደግሞ መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ። በመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ማኅበር የመረጣችሁ፣ የዕድር ዳኛ ያደረጓችሁ፣ የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ሰዎች አላችሁ። ነገ ሹም ዘንድ ትጠራላችሁ፤ ሻይ ይቀርባል፤ ካሜራም ይመጣል። ሂዱ። ግን በኪሳችሁ የማንን ስም ይዛችሁ እንደገባችሁ እወቁ። ስትወጡም ለላኳችሁ ሰዎች መጀመሪያ የምታሳዩት ፎቶውን ሳይሆን መልሱን ይሁን። በዛሊም ሹም ፊት የሐቅ ቃል መናገር ከጂሃድ ሁሉ በላጭ እንደሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

አሠሪዎች ሆይ! አላህ በቂያማ ቀን እኔ ራሴ ባላጋራቸው ነኝ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን ሙሉ አሠርቶ፣ ዋጋውን ያልሰጠ ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። እህቶቻችን በዐረብ አገር ፓስፖርታቸው ተይዞ የወራት ደመወዛቸው ሲቀርባቸው እናለቅሳለን፤ ተገቢ ልቅሶ ነው። በእኛ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ያለችዋስ? «ለአገርሽ ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» ተብላ ዓመት የሞላት? በሕንፃው ሥራ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለው፣ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ነገ ና» የተባለው የቀን ሠራተኛስ? የሰው ደመወዝ ይዞ ለመስጂድ ምንጣፍ የሚያነጥፍም አለ፤ በዚያ ምንጣፍ ላይ ሠራተኛው አጠገቡ ቆሞ እየሰገደ ነው።

አላህ ሆይ! የተበደሉትን እርዳ፤ ስለ ሌላው ሐቅ ሲሉ የሞቱትን ማር። ለሕዝብ አደራ የቆሙትን ከገንዘብም ከቅርበትም ፈተና ጠብቅ። አገራችንን ሰላም አድርግ። ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ የሰው ሐቅ በእጃችን ይዘን ወደ አንተ እንዳንመጣ ጠብቀን። ኣሚን።

ደመወዙን ያቆያችሁበት ሰው ያላችሁ ሁሉ፣ ከሰላቱ በኋላ ከመስጂዱ ደጅ ሳትርቁ፣ በእጅም ይሁን በቴሌብር ክፈሉት። ስላቆያችሁበትም ይቅርታ ጠይቁት። ሰፋችሁን አስተካክሉ።